ቢ ፍላትን በየትኛው ልያዝ? ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአልቶ ሳክስፎን የምታጠኚው ሶሎ ውስጥ ሁለት ባር (የኖታው ሁለት ክፍል) አስቸግሮሻል። ከኤ ኖታ ይነሳል፣ በቢ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ቢ) እና በቢ ናቹራል (ተራው ቢ) አልፎ ሲ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ቀስ ስትይ ይሄዳል፤ ሲፈጥን ጣትሽ ይያዛል። «ቢ ፍላትን በየትኛው ልያዝ? ወይስ ገና ልምምድ ይቀረኛል?» ነው ያልሽው።

የልምምድ ማነስ አይመስለኝም። እኔም እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ወራት ፈጅቻለሁ። ሲጀመር የተማርኩት በቢስ ብቻ ነበር፤ ማለትም የግራ አመልካች ጣት የቢን ቁልፍና ከሥሩ ያለችውን ትንሿን ቁልፍ አንድ ላይ ይጫናል። ምቹ ነው። ግን ከቢ ፍላት ወደ ቢ ናቹራል ስትሄጂ ያው ጣት ቢን ሳይለቅ ከትንሿ ቁልፍ ላይ መንሸራተት አለበት። ቀስ ስትይ ጊዜ ስላለው ያደርገዋል። ሲፈጥን ግን አይደርስም። እኔ ጣቴ ሰነፍ ነው ብዬ ሜትሮኖም (ምት መቁጠሪያ) ከፍቼ እደበድበው ነበር። ጣቴ ምንም አላጠፋም፤ የማይሆን ሥራ ሰጥቼው ነው።

ለአንቺ ቦታ መልሴ የጎኑ ቁልፍ ነው፤ ሳይድ ቢ ፍላት የምንለው። ኤን ያዢ፣ ከዚያ በቀኝ አመልካች ጣትሽ ሥር ካሉት ሦስት የጎን ቁልፎች የታችኛውን ንኪ። ወደ ቢ ስትሄጂ እሱንና የግራውን የመሃል ጣት እኩል ልቀቂ። ቀጥሎ ሲ ስለሚመጣ እሱንም በጎን ያዢው፤ ቢን እንደያዝሽ መካከለኛውን የጎን ቁልፍ መጨመር ብቻ ነው። በተለመደው አያያዝ ብትሄጂ አመልካች ጣት ሲነሳ የመሃል ጣት መውረድ አለበት። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ በመሃል ሌላ ድምፅ ብቅ ይላል። ይያዛል ያልሽው ምናልባት እሱም ይሆናል።

ቢስን ግን እንዳትጥዪው። በኤፍ ሜጀር ወይም በቢ ፍላት ሜጀር ስኬል ቢ ናቹራል የሌለበት ረጅም ሩጫ ሲመጣ እንደ ቢስ የሚሆን የለም። ትንሿን ቁልፍ እንደያዝሽ ኤና ጂ ብትጫወቺ ድምፁን አይነካውም፤ ስለዚህ ጣትሽ እዚያው ይቀመጣል። ከቢ ፍላት ወደ ታችኛው ኤፍ እየዘለለ የሚመላለስ ነገር ካለ ደግሞ ሦስተኛ አያያዝ አለ፦ የግራ አመልካችና የቀኝ አመልካች። ቀኙ ለኤፍም ስለሚያስፈልግ ሳይነሳ ይቆያል። ይሄኛው የሚሠራው መሣሪያው በደንብ የተስተካከለ ከሆነ ነው። ድምፁ ከታፈነብሽ ጣትሽን አትውቀሺ፣ ለጠጋኝ አሳዪው።

እንግዲህ አያያዝ የሚመረጠው በኖታው ስም አይደለም። ጣትሽ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ነው የሚታየው። ኤፍና ኤፍ ሻርፕ (ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው ኤፍ) ተከታትለው ከመጡ ኤፍን ሳትለቂ በቀኝ የቀለበት ጣት ትንሿን የኤፍ ሻርፕ ቁልፍ ጨምሪ። ከጂ ሻርፕ ወደ ኤፍ ሻርፕ የሚመላለስ ከሆነ የግራ ትንሿን ጣትሽን ከጂ ሻርፕ ላይ አታንሺ፤ ቀኝ እጅ ሲወርድ መሣሪያው ራሱ ይዘጋዋል። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ስንት ጊዜ በከንቱ ያቺን ጣት ሳነሳና ስጥል እንደኖርኩ!

አሁን ወደ ልምምዱ። ሁላችንም አያያዝን የምንመርጠው ቀስ ብለን እየተጫወትን ነው። እሱ ስህተት ነው። በቀስታ ሁሉም አያያዝ ይሠራል። መጀመሪያ በሶሎው ፍጥነት ሞክሪው፣ ቢበላሽም ግድ የለም፤ ሦስት አራት ጊዜ በቢስ፣ ሦስት አራት ጊዜ በጎን። የትኛው እንደሚቀልሽ ወዲያው ይገባሻል። ከዚያ ከኖታው በላይ በእርሳስ ጻፊው። አንዴ ከጻፍሽ አትቀይሪ። አንድ ቀን በዚህ፣ አንድ ቀን በዚያ ከተለማመድሽ ጣትሽ መድረክ ላይ ሲደርስ የትኛውን እንደሚመርጥ ግራ ይገባዋል።

ቀስ ማለቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሁለቱን ባር ከዳር እስከ ዳር አትደጋግሚ። ችግሩ በሁለት ኖታዎች መሃል ነው፤ ያቺን መገጣጠሚያ ፈልጊያት። ቢ ፍላትና ቢ ከሆነ ሁለቱን ብቻ እየተመላለስሽ ተጫወቺ፣ በሜትሮኖም 60 ላይ፣ አንድ ምት ላይ አንድ ኖታ። ንጹሕ ሲሆን ከፊቷ ኤን፣ ከኋላዋ ሲን ጨምሪ። ከዚያ ምቱን አዛቢው፦ አንዱን ረጅም ሌላውን አጭር፣ ቀጥሎ ገልብጪው። አጭሯ ኖታ ላይ ጣትሽ በእውነተኛው ፍጥነት ይንቀሳቀሳል፣ ረጅሟ ላይ ደግሞ ለማሰብ ጊዜ ታገኚያለሽ። ለእኔ ከምንም በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው።

ይህን ሁሉ ስታደርጊ ኖታዎቹን በምላስ አትነጥዪ። በአንድ ትንፋሽ አያይዢው። ምላስ የጣትን ስህተት ይሸፍናል፤ ሲያያዝ ግን ሁሉም ይሰማል። ትንፋሽሽንም ስሚው። ከባዱ ቦታ ሲቃረብ ሳናውቀው ትንፋሽ እንቀንሳለን፣ ድምፁ ይሰበራል፣ ከዚያ በጣት እናሳብባለን። ጣቶችሽም ከቁልፎቹ ብዙ አይራቁ፤ በመስታወት ፊት ብትቆሚ ታዪዋለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። የጎኑ ሲ ድምፁ ከተለመደው ትንሽ ይለያል። በፍጥነት ሲያልፍ ማንም አይሰማውም። ረጅም ሲ ላይ ግን ይታወቃል፣ እዚያ የተለመደውን ያዢ። ልዩነቱን ሆን ብለው የሚፈልጉትም አሉ። የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ሌስተር ያንግ አንዱን ኖታ በተለያየ አያያዝ እየቀያየረ ሲደጋግመው የድምፁ ቀለም ይለዋወጥ ነበር። ያ ግን ምርጫው ነው፤ ያንቺ ሶሎ ውስጥ ካልፈለግሽው አይምጣ።

ለአንድ ሳምንት በቀን አሥር ደቂቃ ለእነዚህ ሁለት ባሮች ብቻ ስጪ። በስልክሽ ቅረጪው፣ ወዲያው ሳይሆን በማግስቱ ስሚው። አሁንም የሚይዝሽ ቦታ ካለ በየትኞቹ ሁለት ኖታዎች መሃል እንደሆነ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።