የሳር ዘሩ አልበቅል ያለው በድርቅ ነው በጨው? ላልከው

አቦ ጥያቄህን አሁን ነው ያየሁት። ከሜዳ የለቀምከውን የዱር ሳር ዘር ድሬዳዋ መልካ ጀብዱ ጋ ዘርተህ፣ ጠዋት ጠዋት በጉድጓድ ውሃ እየረጨህ ምንም ብቅ አላለም፣ ድርቅ ነው ጨው ነው ነበር ያልከው። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ የሳር ዘር ሳበቅል ነው የኖርኩት፣ እንደኔ ግን መጀመሪያ አረጫጨትህን ነው የምጠረጥረው።

ዘር ለመብቀል ውሃ ጠጥቶ ማበጥ አለበት። አፈር ሲደርቅ የቀረችውን ውሃ አጥብቆ ይይዛታል፣ ጨው ሲበዛም አፈሩ እርጥብ ሆኖ ዘሩ ውሃውን መሳብ ያቅተዋል፣ እስከዚህ ሁለቱም ለዘሩ ያው ጥማት ነው። ጨው ግን ሌላም ጣጣ አለው፣ ሶዲየሙና ክሎራይዱ ውስጥ ገብቶ ይመርዘዋል። ደሞ የሚገርመው፣ መጠኑ ካልበዛ ያ የገባው ጨው ራሱ ውሃ ስለሚስብ፣ አንዳንድ ሳር ከደረቅ አፈር ይልቅ ጨው ውስጥ ሻል ብሎ ይበቅላል።

አሁን የድሬን ፀሐይ አስብ። ጠዋት ትንሽ ትረጫለህ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ውሃው ተኖ ያልቃል ጨዉ ግን የትም አይሄድም፣ ላይ ላይ ይከማቻል፣ የሳር ዘር ደሞ ደቃቅ ስለሆነ የተቀመጠው እዛችው 1 ሴንቲ ላይ ነው። በየቀኑ ጨው እየጨመርክለት ነው ማለት ነው። ማታ ማታ በደንብ ወደ ታች እስኪሰርግ አጠጣና ገለባ ሳሳ አርገህ አልብሰው፣ ወይ የክረምቱን ዝናብ ጠብቅ፣ ጨዉን ወደ ታች ያጥብልሃል።

ከዛ በፊት ግን ዘሩን ሞክረው። 50 ፍሬ በዝናብ ውሃ 50 ፍሬ በጉድጓዱ ውሃ በራሰ ሶፍት ላይ ሳህን ውስጥ አርገህ በፌስታል ሸፍነው፣ ጥላ ቦታ ይሁን። በጉድጓዱ ውሃ ያልበቀለውን አጥበህ ወደ ዝናቡ ውሃ አዙረው፣ ያኔ ብቅ ካለ ጨዉ ይዞት ነበር እንጂ አልገደለውም። ለስልሶ ከሻገተ በቃ ሞቷል። በዝናቡም በጉድጓዱም ጠንካራ ሆኖ ዝም ካለ ዘሩ ገና ትኩስ ነው፣ ቡፌል ሳር ለምሳሌ ከተለቀመ በኋላ ወራት ካላረፈ አይበቅልልህም፣ ሽፋኑን አሽተህ ብታወጣለት ይረዳዋል።

ማንቆርቆሪያዬ ነጭ ቅርፊት ይሰራል ያልከው ኖራ ነው፣ ድሬ ማን ቤት የለም፣ እሱን አይተህ ጨው ነው አትበል። አፈሩን ኢሲ (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን፣ ጨው ሲበዛ ከፍ ይላል) አስለካው፣ ከ4 ዴሲሲመንስ በሜትር ካለፈ ጨዋማ ይባላል፣ ሮደስ ሳር ከዛም በላይ ይችላል። ቁጥሩንና የሳሩን ፎቶ እዚሁ ጣለው እናየዋለን።