የቆዳ ፋብሪካው ላብራቶሪ ወይስ ማስተርስ?

ጥያቄ፦ «በባዮሎጂ ከተመረቅኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። አሁን ሞጆ ያለ አንድ ቆዳ ፋብሪካ በፍሳሽ ማጣሪያው የላብራቶሪ ቴክኒሺያን አድርጎ ሊቀጥረኝ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ቤተሰቦቼም ‹ተምረሽ ቆሻሻ ውሃ ልትቀጂ ነው?› ይሉኛል። ወይስ ተበድሬ በአካባቢ ሳይንስ ማስተርስ ልጀምር? ደግሞም የምወደው ሕይወት ያለውን ነገር እንጂ ኬሚካል አይደለም።»

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራውን ያዢው። ማስተርሱ የትም አይሄድም፤ ብድሩ ግን ሥራ ኖረሽም አልኖረሽም ይከተልሻል።

በዚህ ዘርፍ ስለ ብክለት የሚያወራ ሰው ሞልቷል። የጠፋው ናሙና በወጉ ቀድቶ፣ በወጉ ለክቶ፣ ባወጣው ቁጥር ላይ የሚፈርም ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከተቀመጠው ደረጃ ያለፈ ብክለትን ይከለክላል፤ ደረጃው ማለፉ የሚታወቀው ግን ሰው ሲለካ ነው። ለቤተሰቦችሽም ይህንኑ ንገሪያቸው።

ለምሳሌ በውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅንን እንውሰድ። መጽሐፉ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ንጹህ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል ይልሻል። ያ በባህር ወለል ላይ ነው። ሞጆ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ እዚያ ንጹሁም ውሃ ከ7 ተኩል አይበልጥም። የመጽሐፉን ቁጥር ለከፍታው ሳታስተካክዪ ብታወዳድሪበት ጤነኛውን ወንዝ የታመመ ታደርጊዋለሽ። ሰዓቱንም ጻፊ፤ አልጌ የወረሰው ውሃ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ኦክስጅን የተረፈው ይመስልና ሊነጋጋ ሲል ዓሣ የሚታፈንበት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነገር እጅ ካልለመደው ክፍል ውስጥ ሰምተሽው ያልፍሻል።

ኬሚካል አልወድም ላልሽው፣ ባዮሎጂሽ የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው። መለኪያ የሚነግርሽ የዚያችን ደቂቃ ብቻ ነው። ፍሳሹ ሌሊት ተለቅቆ አንቺ ረፋድ ላይ ብትቀጂ ምንም ላታገኚ ትችያለሽ። ድንጋይ ሥር የሚኖሩት ነፍሳት ግን ሌሊቱንም እዚያው ነበሩ። መረቡን ከወራጁ ፊት ደቅነሽ፣ ከመረቡ በላይ ያሉትን ድንጋዮች በእግርሽ ቀስቅሰሽ፣ የገባውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጪው። በሆዳቸው ግራና ቀኝ ቅጠል የመሰለ ስንጥብ ያላቸው የሜይፍላይ (እጩ ውሃ ውስጥ የሚያድግ በራሪ ነፍሳት) እጮች በዓይነት በዓይነታቸው ካሉ ውሃው ደህና ነው ማለት ይቻላል። እነሱ ጠፍተው ደም የመሰሉ ቀያይ የካይሮኖሚድ (ትንኝ የምትመስል የማትናከስ ነፍሳት) እጮች ብቻ ከወረሩት ኦክስጅኑ ተሟጧል፤ እነዚያ ኦክስጅን የሚይዘው ቀይ የደም ንጥረ ነገር፣ ሄሞግሎቢን፣ ስላላቸው ሌላው በሚሞትበት ጭቃ ይኖራሉ። ታዲያ ከፋብሪካው በታች ብቻ ቀድተሽ አትፍረጂ። ሞጆ ላይ ብዙ ፋብሪካ አለ፣ ከተማውም ቆሻሻውን ይለቃል፤ ከላይም ከታችም ውሰጂ። ክረምት ላይም አታወዳድሪ፤ ጎርፉ ንጹሁንም ወንዝ ነፍሳቱን ጠርጎ ይወስድበታል።

ክሮሚየምን በሚመለከት አንድ ነገር ያዢ። ይህ ብረት በሁለት መልክ ይገኛል፤ ለቆዳ ማልፊያ የሚገባው ባለ ሦስቱ (ክሮሚየም III) ነው፤ እጅግ መርዛማው ባለ ስድስቱ (ክሮሚየም VI) ነው። «ጠቅላላ ክሮሚየም» የሚል ውጤት ሁለቱን አይለይም። ሪፖርቱን የሚያነብ አለቃሽ ይህን ላያውቅ ስለሚችል አንቺ መጻፍ አለብሽ። ውሃው ሞጆ ወንዝ ገብቶ ቆቃ ሐይቅ ይደርሳል፤ እዚያ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አለ።

አሁን ደግሞ በጣም የምጨነቅበትን ልንገርሽ። የፀጉር መንቀያው ፍሳሽ ሰልፋይድ አለበት፤ የክሮም ፍሳሹ አሲድ ነው። ሁለቱ ከተገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ ይገድላል። መጀመሪያ እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ሽታው ስለጠፋ ጋዙ ጠፋ እንዳትዪ። ጉድጓድ ውስጥ ብቻሽን አትግቢ፤ የወደቀ ሰው ብታዪ እንኳ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ተከትለሽ አትውረጂ። ከመፈረምሽ በፊት የጋዝ መለኪያ እንዳላቸው ጠይቂ። «ለምደነዋል፣ ምንም አይልም» ካሉሽ የመጀመሪያውን ምክሬን አንስቻለሁ፤ አትቀጠሪ።

ሌላም የምትጠይቂው አለ፤ ውጤቱን ማን ይፈርማል? አንቺ ለክተሽ ሌላ ሰው ቁጥሩን «አስተካክሎ» የሚልክበት ቦታ ከሆነ ስምሽ አብሮ ይበላሻል። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ ጭቅጭቅ ውስጥ አትግቢ። የናሙናውን ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ውጤት በመዝገብ ደብተሩ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊ፤ ስትሳሳቺ በአንድ መስመር ሰርዘሽ ፈርሚበት እንጂ አትፋቂ። እንደዚያ የተያዘን ደብተር በኋላ ማንም በቀላሉ ሊያስተባብለው አይችልም። «ውጤቱን ቀይሪ» ብለው ካስገደዱሽ ግን ልቀቂ።

ደመወዙን በተመለከተ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ብዙ አትከራከሪ። ይልቅ የቢኦዲ ምርመራ ራስሽ እንድትሠሪ (ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲያብላሉ የሚፈጁትን ኦክስጅን የሚለካ፣ ናሙናው በ20 ዲግሪ፣ በጨለማ፣ 5 ቀን የሚቆይበት ነው) እና ለካሊብሬሽን (መለኪያ መሣሪያን የማስተካከል) ሥልጠና እንዲልኩሽ በደብዳቤ አስገቢ። ሁለት ዓመት ሠርተሽ ለማስተርስ ስታመለክቺ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ፍለጋ አትንከራተቺም፤ የወንዙ የላይና የታች ናሙናሽ፣ በጋ ከበጋ የተነጻጸረ፣ እጅሽ ላይ ይኖራል። በእሱ ስፖንሰር መጠየቅም ይቻላል፤ ያኔ ብድሩ ላያስፈልግሽ ይችላል።