«ሴት ዝም ትበል» ተብያለሁ፤ አገልግሎቴን ልተው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ምእመናኑ የጸሎት ክፍሉን እንድመራ መርጠውኛል። ከወንድሞች አንዱ ግን 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥34ን አንብቦ «ሴት በጉባኤ ዝም ትበል ተብሏል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጸሎት ስከፍት ድምፄ ይንቀጠቀጣል። መልቀቂያ ልጻፍ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ይህች ጥቅስ እንደ ዱላ ስትነሣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! የሚያነሧት ሰዎች አብዛኞቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ምዕራፉን ከመሐሉ ስለሚጀምሩት ነው። ከቁጥር 26 ቢጀምሩ «ዝም ይበል»ን ሦስት ጊዜ ያገኙታል። በልሳን የሚናገር፣ የሚተረጉም ከሌለ ዝም ይበል (ቁ. 28)። ትንቢት የሚናገር፣ ለሌላው ሲገለጥለት ዝም ይበል (ቁ. 30)። ሴቶቹ የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው። በግሪኩ በሦስቱም ቦታ ግሱ አንድ ነው። ታዲያ ነቢዩን «ዕድሜ ልክህን አትናገር ተብለሃል» ያለው ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሴቶቹም ቢሆኑ ነገሩ በጉባኤ መካከል ከሚነሣ ጥያቄ ጋር እንደተያያዘ ቁጥር 35 ያሳያል። ደግሞስ ጳውሎስ ራሱ በ11፥5 ሴት ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ራሷን እንድትሸፍን አዟል፤ አፏን ለዘጋች ሴት ይህ ሥርዓት ምን ያደርግላታል?

ሮሜ 16፥1 ላይ ፌቤን የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን «አገልጋይ» ተብላለች። ቃሉ በግሪኩ ዲያቆኖስ ነው፤ በፊልጵስዩስ 1፥1 «ዲያቆናት» ተብሎ የተተረጎመው ያው ቃል። አጵሎስም፣ ያ በመጻሕፍት የበረታ ሰው፣ ከጵርስቅላና ከባሏ ከአቂላ ተምሯል፤ አልናቃትም።

ስለ ክህነት ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ መልሴ ይረዝም ነበር። ካቶሊክና ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ለሴት ክህነት አይሰጡም፤ ከፕሮቴስታንቱ ብዙዎቹ ይሾማሉ፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዎቹን ሴት ካህናት የሾመችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በዚያ ክርክር፣ ሴት ልታስተምር ወይም በወንድ ላይ ልትሠለጥን አልፈቅድም የሚለው 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥12 በቀላሉ የሚታለፍ ቃል አይደለም። አንቺ ግን የተጠራሽው ጸሎት እንድትመሪ ነው፤ የመረጡሽም ሥርዓታቸውን የሚያውቁ ምእመናን ናቸው።

አንቺንም ትንሽ ልገሥጽሽ። ለእኔ ከመጻፍሽ በፊት ያንን ወንድም ልታነጋግሪው ይገባ ነበር። በሰው ፊት አታሳፍሪው፤ ለብቻው ጥሪውና ከቁጥር 26 እስከ 40 አብራችሁ አንብቡ፣ እሱ ጮክ ብሎ ያንብብ። መልቀቂያውን እስከዚያ አትጻፊ።