የውሻዬ አንጎል ብግነት፦ ፕሬድኒሶሎኑን ላቁምላት?

ጥያቄ፦ የ5 ዓመቷ ውሻዬ አንገቷን አዘንብላ እየዞረች ትወድቅ ነበር። በኤምአርአይና በአንጎል ፈሳሽ ምርመራ፣ የራሷ የመከላከያ ሥርዓት አንጎሏን እያጠቃ ነው ተባልኩ። ፕሬድኒሶሎን ከጀመረች ወር ሆናት። አሁን ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ግን ውሃ አትጠግብም፣ ቤት ውስጥም ትሸናለች። ላቁምላት?

መልስ፦ በፍጹም! የተሻላት መድኃኒቱ ብግነቱን ስለያዘው ነው። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ለሳምንታት የወሰደ አካል ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚቀንስ፣ ድንገት ማቋረጥ ትውከትና መዝለፍለፍ ሊያመጣ ይችላል። ብዙውን ጊዜ በኪሎ 1 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ ተጀምሮ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት በኋላ መጠኑ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይወርዳል። በችኮላ ሲቀነስ በሽታው ያገረሻል፤ አንገቷ እንደገና ካዘነበለ በዚያው ቀን ለሐኪሟ ይደውሉ።

ጥሙ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ውሃ አይከልክሏት፤ ቶሎ ቶሎ ያስወጧት። ምግቧን ግን ይመጥኑ።

ስቴሮይዱን ለመቀነስ ሳይታራቢን የተባለ፣ የመከላከያ ሥርዓትን የሚያዳክም መድኃኒት ያግዛል። ከቆዳ ሥር በየ12 ሰዓቱ ለ2 ቀን ተወግቶ በየ3 ሳምንቱ ይደገማል። ነጭ የደም ሴልን ስለሚያወርድ ከመርፌው በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ የደም ቆጠራ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ በሽንቷ ስለሚወጣም ከመርፌው በኋላ ሽንቷን ጓንት አድርገው ይጥረጉ። ካርፕሮፌንን የመሰለ ማስታገሻ ከፕሬድኒሶሎን ጋር አይስጡ፤ ጨጓራ ያቆስላል፣ ምልክቱም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ነው።