የትኛው ዳርቻ፣ በስንት ሰዓት?

ጥያቄ፦ በሞቃታማ አካባቢ ወደምትገኝ ትንሽ ደሴት ከልጆቻችን ጋር ልንሄድ አስበናል። ደርሰው ከተመለሱት አንዱ «ውሃው ጉልበት አይደርስም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሞገዱ አላስዋኘንም» ይላል። ማንን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ያረፉበት ወገን ተለያይቷል፤ አለዚያም ውሃ የገቡበት ሰዓት። በሞቃታማው የምድር ክፍል ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚነፍስ ሞገድ የሚበዛው በምሥራቁ ዳርቻ ነው፤ ምዕራቡ በደሴቲቱ ተከልሎ ይረጋል። በሰሜናዊው ሕንድ ውቅያኖስ ግን ነፋሱ እንደ ወቅቱ አቅጣጫውን ስለሚገለብጥ፣ በጥር የተኛው ዳርቻ በሐምሌ ሊናወጥ ይችላል። ክፍል ከመያዝዎ በፊት «በምንመጣበት ወር ነፋሱ ከየት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ፎቶ ይህን አይነግርዎትም፤ ፎቶ አንሺ የሚመርጠው ባሕሩ የሞላበትን ሰዓት ነው።

ሰዓቱ እንዲህ ነው። በአብዛኞቹ ዳርቻዎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ከሞላ ከ6 ሰዓት ከሩብ ገደማ በኋላ ጎድሎ ያበቃል። በየቀኑም 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሲሆን የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት ይሰፋል። ደሴቲቱ በኮራል ሪፍ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከውሃው በታች በሠሩት የድንጋይ አጥር) ከታጠረች፣ ባሕሩ ሲጎድል ከሪፉ ወዲህ መዋኘት ቀርቶ መንሳፈፍም ሊያስቸግር ይችላል። የሙላት ሰንጠረዥ አይተው፣ ከሙላቱ 2 ሰዓት ቀድመው ወይም እስከ 2 ሰዓት ዘግይተው ይግቡ።

ከሁሉ በላይ ሪፉ ላይ ያለውን ክፍተት ይወቁት። ሞገድ በሪፉ ላይ አሻግሮ የሚያስገባው ውሃ ተመልሶ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው፤ ባሕሩ እየጎደለ ሲሄድ ደግሞ ስበቱ ይብሳል። ከዳርቻ ሆነው ሲያዩት ግራና ቀኙ አረፋ ሲደፍቅ መሐሉ ጠቆር ብሎ ጸጥ ያለ ይመስላል። ዋና የማይችል ሰው መርጦ የሚገባውም እዚያው ነው። ከወሰደዎት ወደ ዳርቻ አይታገሉ፤ ጉልበትዎን ይጨርሰዋል። ተንሳፍፈው እጅዎን ያውለብልቡ፤ ስበቱ ሲላላ ወደ ጎን ይዋኙና በሰያፍ ይመለሱ። ልጆች ከክፍተቱ ርቀው፣ አዋቂ በክንድ ርቀት ቆሞላቸው ይጫወቱ።

ጥያቄ፦ በካሪቢያን ደሴቶች ዳርቻው ይሸታል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አንዳንዴ። ከ2011 ወዲህ ሳርጋሰም የተባለ ቡናማ የባሕር አረም በብዛት እየተገፋ ይመጣል፤ በተለይ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ። ዳርቻ ላይ ተከምሮ ሲበሰብስ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ ይወጣዋል። አስም ያለበት ሰው ከክምሩ ይራቅ። ይበልጥ የሚጠቃው እዚህም ነፋስ የሚመታው ወገን ነው።

ጥያቄ፦ ነጠላ ጫማ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ውሃ ውስጥ ይወልቃል። ተረከዝ የሚይዝና ሶሉ ወፍራም የሆነ የውሃ ጫማ ይያዙ። ባሕር ጃርት ከወጋዎት የሚታየውን እሾህ በወረንጦ ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ መገጣጠሚያ አጠገብ የተሰበረውን ግን ሐኪም ያውጣው። ድንጋይ መሳዩ ዓሣ (ስቶንፊሽ) በመርዛማ እሾሁ ሲወጋ ሕመሙ ወዲያው ይጠናል። እግሩን 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይንከሩ፤ የተወጋው እግር ሙቀቱን በትክክል ላይለይ ስለሚችል፣ ውሃውን አስቀድመው በደህናው እግር ይሞክሩት። ሕመሙን ቢያስታግስም ወደ ሐኪም መሄድ አይቀርም።