ጥያቄና መልስ፦ ሱቁን ዘግቶ ወደ አባት ቀዬ

ጥያቄ፦ መርካቶ ሠላሳ ዓመት የነገድኩ የጉራጌ ቸሃ ሰው ነኝ። ልጆቻችን ራሳቸውን ስለቻሉ ሱቁን ለቅቄ ከባለቤቴ ጋር አባቴ ቀዬ ልገባ ነው። እስካሁን ለመስቀል እንጂ ከዚያ ያለፈ ቆይቼ አላውቅም። የአባቴ ጎጆ አለ፤ የጓሮው እንሰት ግን አልቋል። ታናሽ ወንድሜ አጠገቡ ይኖራል። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከእንሰቱ ይጀምሩ፤ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው እሱ ነውና። ዘንድሮ የተከሉት ፍል (የእንሰት ችግኝ) ለቆጮ የሚደርሰው በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው። እስከዚያ ቆጮውን ከገበያ እንደሚገዙ አስበው ገንዘብ ይያዙ። ጊዜውን ለማሳጠር ከወንድምዎና ከጎረቤት የሁለትና የሦስት ዓመት ተክል ይለምኑ፤ ከበልግ ዝናብ በፊት ያዛውሩት። ሁሉንም በአንድ ዕድሜ መትከል ግን ስህተት ነው፤ አንድ ዓመት ጠግበው ቀጥሎ ባዶ ጓሮ ያያሉ። ትንንሹን አጠጋግተው፣ የመጨረሻውን ረድፍ በሁለት ሜትር ገደማ አራርቀው ይትከሉ።

ፍል ራስዎ ማውጣት ከፈለጉ ያልደረሰ ተክል ከሥሩ ይቆረጣል፤ የአምቾው (ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ግንድ) መሀል ተቦርቡሮ ወጥቶ ፍግ ከአፈር ጋር ይሞላበትና ይቀበራል። መሀሉ ካልወጣ ዋናው ቡቃያ ብቻውን ይወጣና ሌላው ይታፈናል። መሀሉ በደንብ ከወጣ ግን ከአንድ አምቾ በርካታ ፍል ይገኛል።

አሁን ከተሜው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። እንሰት ፍግ ይበላል፣ ፍግ ደግሞ ከብት ይፈልጋል። «ከብት ቤቴ አይገባም» ያለ ሰው እንሰቱ በየዓመቱ እየቀጠነ ይሄድበታል። ላም ለመግዛት ካልደፈሩ የጎረቤት ላም በርቢ ይያዙ፦ ወተቱና ፍጉ የእርስዎ፣ ጥጃው የጋራ። ውሉን በሁለት ምስክር ፊት ይነጋገሩት፤ ላሟ ብትሞት ኪሳራው የማን እንደሆነም ያኔውኑ ይወሰን።

የእንሰት አጠውልግ በሽታ በቢላ ይዛመታል። የመሀሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሲጠወልግ፣ ሲቆረጥም ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ሲወጣው ያ ተክል አልቆለታል። ነቅለው እዚያው አጠገቡ ይቅበሩት፤ በጓሮው መሀል አይጎትቱት፣ ለከብትም አይስጡ። የተዋሱትን ቢላ ሁሉ ከመጠቀምዎ በፊት በእሳት ያሳልፉት። ባለቤቱ ቢቀየም እንኳ ያሳልፉት። ፍልፈልና ጃርትም አምቾውን ከሥር ስለሚበሉ ያለምክንያት የዘመመ ተክል ካዩ መጀመሪያ ሥሩን ይፈትሹ።

ጎጆውን በተመለከተ፦ ከመስቀል እስከ መስቀል ተዘግቶ ከቆየ ሣሩ በነፍሳት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ሣር ክዳንን የሚጠብቀው ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ነው። እጅዎን ወደ ክዳኑ ሰድደው ሣሩን ይጨብጡት፤ እንደ ዱቄት ከተፈረፈረ መቀየር አለበት። ማእድ ቤቱን ውጭ ሊያወጡ ካሰቡ ደግሞ ክዳኑን ቆርቆሮ ያድርጉት፤ ሣሩንም ንጹሑን አየርም አንድ ላይ ማግኘት ያስቸግራል።

መሬቱን ከወንድምዎ «ገዛሁ» የሚል ወረቀት እንዳይጽፉ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ ከወንድምዎ ጋር ሄዳችሁ ቀበሌ እዩት። ይህን ሳያጣሩ ሱቁን አይልቀቁ።

አንድ ነገር እንጨምር። ተከላው የወንድ ሥራ ነው፤ እንሰቱን መፋቅና ቆጮውን ጉድጓድ ማስገባት ግን በጉራጌ የሴቶች ነው፣ ያውም ከባድ። ደብዳቤዎ ውስጥ ባለቤትዎ ምን እንዳሉ አልተጻፈም። ፍቂያው በጎረቤት ሴቶች ትብብር ስለሚሠራ የሚታገዘው አስቀድሞ ያገዘ ነው፤ ባለቤትዎ በመጀመሪያው ዓመት የራሳቸው እንሰት ባይኖርም ከሌሎች ጋር ወጥተው ቢፍቁ መልካም ነው። «እኔ በገንዘብ ልክፈል» ማለት ለአንድ ቀን ይሠራል፤ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ሲታመም ግን የሚመጣው ጉልበት ያበደሩት ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ እናቴ አገር ከገባሁ ሁለት ወሬ ነው። ከቤቴ ፊት ያለውን ሣር ሜዳ በሽቦ ላጥር ችካል ስተክል ሽማግሌዎች አስቆሙኝ። ማንም አያርሰው፣ ቤትም የለበት። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ያ ሜዳ ጀፎረ ነው። ሁለቱን የቤት ረድፍ የሚለየው ሰፊው የሣር መንገድ የማንም ይዞታ አይደለም፤ የመንደሩ ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ልቅሶ ይደረስበታል፣ ሰርግና የመስቀል ጭፈራ ይወጣበታል፣ ሽማግሌም ይቀመጥበታል። አለመታረሱ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው የተተወው። ድንበሩን መግፋት በጉራጌ ባህላዊ ሕግ፣ በቂጫ፣ ያስቀጣል። ጉዳዩን ወደ ፖሊስ ወይም ጠበቃ ከወሰዱት እዚያ መንደር አብሮዎት ቡና የሚጠጣ ሰው ያጣሉ።

ዛሬውኑ ከእናትዎ ወገን አንድ ትልቅ ሰው ይዘው ወደ አስቆሙዎት ሽማግሌዎች ይሂዱና «አላወቅሁም» ይበሉ። አጥርዎን የት ላይ እንደሚተክሉ እነሱው በእግራቸው ተራምደው ያሳዩዎት፤ የግቢዎ በርም ወደ ጀፎረው ይሁን። ችካሎቹን ሲነቅሉ ጉድጓዶቹን በአፈር ሞልተው ይርገጡ፤ ክፍት ከቀሩ በማታ የሚገባ ከብት እግሩን ይሰብርባቸዋል።