«ጠልዪሃ» ማን ናት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። አንዲት ጓደኛዬ የኢንስታግራም ስሟን «ጠልዪሃ» ብላ ቀየረችው። ፊደሉ የእኛው ነው፤ ቃሉ ግን አማርኛም ግዕዝም አልመስል አለኝ። ስጠይቃት «ባክሽ ፎንት ነው» አለችኝ። እኔም ስሜን በእንዲህ ዓይነት የጌጥ ፊደል ልጽፈው አስቤ ነበር። በአማርኛ ይቻላል? ፎንት መባሉስ ልክ ነው? ስሜ ሰላም ነው።

መልስ፦ ሰላም፣ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ጓደኛሽ ሜሪ ትባላለች መሰለኝ። «ጠልዪሃ»ን አታንብቢው፤ ራቅ አድርገሽ ብቻ እዪው። ጠ በኤም ቦታ ቆማለች። ል በኤ፣ ዪ በአር፣ ሃ ደግሞ በዋይ ቦታ ገብተዋል። ስም የሚያሳምሩ ድረ ገጾች የሚሠሩት እንዲህ ነው። በላቲን የተጻፈውን ስም ይቀበሉና መልኩ ቀረብ የሚለውን የግዕዝ ፊደል እየለቀሙ ይተኩበታል። ድምፁን አይጠይቁም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ነገሩ ይከነክነኛል። ፊደላችን በብዙ ሰው ስልክ ላይ እየታየ ነው፤ የሚያነበው ግን የለም።

«ፎንት ነው» መባሉ ልክ አይደለም። ፎንት፣ ወይም አንዳንዶች እንደሚሉት ቅርጸ ቁምፊ፣ የአንድ ፊደል ልብስ ነው። ኮምፒውተሮችና ስልኮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ሰ በኒያላ ፎንት ቢጻፍም፣ በአቢሲኒካ ቢጻፍም፣ ቢወፍርም ቢቀጥንም ቁጥሩ ያው የሰ ቁጥር ነው። «ጠልዪሃ» ላይ የተለወጠው ግን ልብሱ አይደለም። ኤም ወጥታ ጠ ገብታለች። ግራ መጋባቱ ከቋንቋችንም የመጣ ይመስለኛል፤ «ፊደል» ስንል አንዷን ሆሄም፣ ጠቅላላውን የአጻጻፍ ሥርዓትም፣ መልኩንም በአንድ ቃል እንጠራለን። አንቺ የተጠቀምሽበት «የጌጥ ፊደል» የሚለው ስም ይሻላል። እኔም በእሱ እቀጥላለሁ።

ይህ ነገር አዲስ እንዳይመስልሽ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ መጻፊያዎች ተቃራኒው ነበር የሚሆነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ቁጥር ሲሆን፣ ፎንቱ ነበር ግዕዝ አስመስሎ የሚያሳየው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ስትከፍቺው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይዘረገፋል። ስንት ጽሑፌን እንደዚያ አጥቻለሁ። ግዕዝ በፈረንጆቹ 1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቁጥር ሲያገኝ ከዚያ ጣጣ ተገላገልን። አሁን ደግሞ የግዕዝ ቁጥር ላቲን ለማስመሰል ሲውል አያለሁ።

በአማርኛ ይቻላል ወይ ላልሽው፣ በላቲን የምታያቸው ወፋፍራምና ተጠማዛዥ ፊደላት በአማርኛ የሉም። እነሱም ቢሆኑ ለጌጥ አልተሠሩም። በፈረንጆቹ 2001 በዩኒኮድ 3.1 የገቡ የሒሳብ ምልክቶች ናቸው። ለሒሳብ ሰው ወፍራም ኤክስና ቀጭን ኤክስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊወክሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። የተሠሩትም በዋናነት ለላቲንና ለግሪክ ፊደላት ነው።

ለአማርኛ የሚቀረው በፊደሉ ላይ የሚደረብ ምልክት ነው፤ ከላይ መስመር፣ ከታች መስመር፣ መሐል ለመሐል ጭረት። ጉዳቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ፊደል ትንሿ ጭረት ሥራ አላት። ከሰ አናት ላይ መስመር ሲጋደም ሸ ይሆናል። ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ዘ ዠ የሆኑትም እንደዚያው በአናታቸው ምልክት ነው። አሁን ስምሽ ላይ ለጌጥ ብለሽ የላይ መስመር ብትደርቢ «ሸላም» ሆነሽ አረፍሽው! መሐል ለመሐል የሚሄደው ጭረት ደግሞ አናባቢውን ያምታታል። ለ በጎኗ ጭረት ስትጨምር ሉ ናት፤ በም ቡ ናት። ለማ የሚባል ሰው ስሙን በዚያ ጭረት ቢያስጌጥ «ሉማ» ብሎ የሚያነበው አይጠፋም። ከአናት የሚቀመጡት ሁለት ነጥቦችም የራሳቸው ሥራ አላቸው፤ ፊደሉ ይጠብቃል ማለት ናቸው። ሰውየው ተናገረ የምንልበትን «አለ» ከመኖር «አለ፟» የምንለይባቸው እነሱ ናቸው። ለጌጥ ስትበትኛቸው የሚያውቅ አንባቢ ቃልሽን አጥብቆ ያነበዋል።

ማየት የተሳነው ሰውም አለ። ስልኩ ጽሑፉን በድምፅ ሲያነብለት የሚያነበው ቁጥሩን እንጂ መልኩን አይደለም። በሒሳብ ምልክት የተጻፈ ስም ሲያገኝ «የሒሳብ ወፍራም ትልቁ ኤም» እያለ እያንዳንዱን ፊደል ሊዘረዝርለት ይችላል፤ ወይም ጭራሽ ይዘለዋል። ሜሪንም በስሟ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። የሒሳቦቹን ምልክቶች ወደ ተራ ላቲን መልሰው የሚፈልጉ ሲስተሞች አሉ። ጠን ግን ወደ ኤም የሚመልስ የዩኒኮድ ሕግ የለም፤ ጠ ጠ ናትና።

ጌጥ አልጠላም። የብራና ጸሐፊዎቻችን በጌጥ የታወቁ ናቸው። ሐረግ የምንለውን ጥልፍልፍ የሚስሉት ግን በጽሑፉ ዙሪያ ነው፤ ሆሄውን አጥርተው ይጽፉታል። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። የራሳችን ምልክቶች ፠ እና ፨ በስልክሽ ኪቦርድ ላይ ካሉ ስምሽን በእነሱ እቀፊው። ዋትሳፕ ላይ ቃሉን በሁለት ኮከብ ምልክት መሐል ብታስገቢው ይወፍራል፤ ያ እውነተኛ ማወፈር ስለሆነ ፊደሉን አይነካውም። ከዚያ በላይ ማማር ካስፈለገ በመረጥሽው ፎንት ጽፈሽ ምስል አድርጊውና የፕሮፋይል ፎቶሽ ላይ አውጪው። ስሙ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን ተራውን ፊደል ተዪው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሠ ሞላ ያለች መስላቸው «ሠላም» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። የአንቺ ስም ከግዕዝ ሲመጣ በእሳቱ ሰ ነው፤ በንጉሡ ሠ አይደለም። እኔ ብሆን ፨ ሰላም ፨ ብዬ እጽፈው ነበር።